መዝገቡ እኛ ጋ ይቆይ

የሆልምደን ፍርድ ቤት ሁለት ችሎት አለው። በአንደኛው ደመወዝ የሚከፈለው ዳኛ ብቻውን ይሰየማል፤ በሁለተኛው ሰባራ ሳንቲም የማያገኙ ሦስት የከተማው ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባለደመወዙ ሬንሾ ይባላል። ሕግ የተማረ ነው፤ ጠዋት ከሌላ ከተማ በባቡር ይመጣል፣ ሠላሳ መዝገብ ከምሳ በፊት ያራግፋል፣ በባቡሩ ይመለሳል። ሦስቱ ግን እዚሁ ዝናብ ሥር ያደጉ ናቸው። ሕጉን አማካሪያቸው ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይሰማሉ፣ ጓዳ ገብተው ይመክራሉ፣ ወጥተው ይፈርዳሉ። የድካማቸው ዋጋ ሻይና ብስኩት ስለሆነ የከተማው ሰው "የሻይ ዳኞች" ይላቸዋል። ብስኩቱንም ቢሆን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከየቤታቸው ነው የሚያመጡት። መንግሥት መቆጠብ ሲያምረው ከብስኩት ይጀምራል፤ ምን ይደረጋል!

ማርጆሪ ሄፕወርዝ በሁለተኛው ችሎት ወንበር ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫማ ሸጣለች፤ ዓይኗ አሁንም ሰው ሲገባ ቀድሞ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። "የተከሰሰ ሰው ክራቫት ይዋሳል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ጫማውን ግን ይረሳዋል" ትላለች። በሚመጣው ወር ሰባ ዓመት ይሞላታል፤ ሰባ የሞላውን ደግሞ ሕጉ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። እውነቱን ለመናገር አላዘነችም። ደክሟታል። ጉልበቷ ደረጃ ጠልቷል፣ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ከፋሲካ ወዲህ መኪና መንዳት ትታለች፣ እና ያንኑ ልጅ ለዚያው ሌብነት ለሰባተኛ ጊዜ መገሠጽ ያው ማሰልቸቱ አልቀረም።

በዚያ የኅዳር ሐሙስ መሃል ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ ሰብሳቢዋ። በቀኟ ክላይቭ ፒከርስጊል ነበር፤ የሲሚንቶና የጣውላ ሱቁን ለልጁ አስረክቦ ፍርድ ቤት የሚውል ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ። በግራዋ አኒላ ሶላንኪ ነበረች፤ የገበያው አደባባይ ፋርማሲ ባለቤት፣ ወንበሩን ከያዘች ገና ሁለት ዓመቷ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገና አምስት መዝገብ ነበር የዘጉት። ለሻይ ጓዳ እንደገቡ አማካሪያቸው ግራሃም በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

"ወይዘሮ ሄፕወርዝ፣ ዳኛ ሬንሾ ሊጨርሱ ነው። ከእናንተ ሦስት መዝገብ ልውሰድላችሁ ይላሉ።"

"ይኸው፣ ደመወዙን ሊያስቆጥርብን ነው" አለ ክላይቭ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ። "ስጡት እባካችሁ። ሰውዬው እኮ ክስ አይሰማም፣ ክስ ይውጣል!"

ማርጆሪ መዝገቦቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። አንዱ ሥጋ የሰረቀ፣ አንዱ የሚስቱን እህት መስኮት የሰበረ ነበር። ሦስተኛዋ ሊንዚ ኦልድሮይድ የምትባል ሴት ነበረች፤ በአራት የፍጥነት ጥፋት አሥራ ሁለት የቅጣት ነጥብ ተሰብስቦባት መንጃ ፈቃዷን ልትነጠቅ የቀረበች። ማርጆሪ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አይታታለች። በልኳ ያልሆነ ጥቁር ጫማ አድርጋ፣ ተረከዙ ሥር ሶፍት ጠቅጥቃ፣ ከወረቀት ላይ አንድ ነገር እያነበነበች ነበር። የምትለውን እያጠናች እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ማርጆሪ ሬንሾን አትጠላውም። አንድ ቀን ግን ችሎቱ ገብታ ከኋላ ተቀምጣ አይታዋለች፤ አንዱን ሰው በአራት ደቂቃ ሸኘው። ሰዓቷን አይታ ነው የምትናገረው፤ አራት ደቂቃ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ እሺ፣ በአራት ደቂቃ ምን ይነገራል? ሰላምታም አያልቅም። የሻይ ዳኛ ሕግ አያውቅ ይሆናል፣ ጊዜ ግን አለው፤ ሦስት ጥንድ ጆሮም አለው። ማርጆሪ ይህን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለወዳጅም ለተሳዳቢም ስትናገረው የኖረች ሴት ናት።

"ሁለቱን ውሰድ" አለችው ግራሃምን። "የመኪናዋ መዝገብ እኛ ጋ ይቆይ።"

"ባለጉዳይ አስጠሪዋ እኮ ለሴትየዋ ወደ አንደኛ ችሎት ተዛውረሻል ብላታለች።"

"እንግዲያው ተመለሽ ትበላት።"

ግራሃም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ሊንዚ የቀረበችው ከምሳ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ እያዛጋ አነበበ፤ በሰዓት ሠላሳ ማይል በተፈቀደበት መንገድ ላይ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ እንደገና ሠላሳ ስድስት። አራቱንም የያዛት የድልድዩ ሥር ካሜራ ነው። ያንን ካሜራ የማያውቅ የሆልምደን ሰው የለም፤ ክላይቭ ራሱ ሁለቴ ተይዟል። ከዚያ ግራሃም ሕጉን ተናገረ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ የሞላበት ሰው ስድስት ወር ከመሪ ይታገዳል፣ ከተራ ችግር ያለፈ ልዩ መከራ እንደሚደርስ ካላስረዳ በቀር።

"ጠበቃ አለዎት?" አለቻት ማርጆሪ።

"የለኝም፣ ክብርት ሆይ። እኔው ነኝ።" ወረቀቱን ዘረጋች፤ ወዲያው መልሳ አጠፈችው። "በቃ በአፌ ልናገር። ሥራዬ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። ላይ ቤቶቹ፣ ከግድቡ በላይ ያሉት። መኪና ከሌለኝ አለቃዬ አታቆየኝም። እሱስ ይሁን፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አርተር ነው ያስጨነቀኝ።"

"አርተር ማነው?"

"አርተር ሜትካፍ። በግ አርቢ ነበር፤ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ተኩል ከአልጋ የማነሣው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት አራት ሰው አባርሯል። አንዷን በከዘራ ነው ያባረራት። እኔን ግን... እንጃ፣ እጅሽ አይቀዘቅዝም ይለኛል። እኔ ከቀረሁ ወደ አረጋውያን ቤት ይወስዱታል፤ እዚያ ከሄደ ደግሞ በጉን የሚያይበት መስኮት የለም። ይሞታል፣ ክብርት ሆይ። ለማስፈራራት አይደለም፤ አውቀዋለሁ፣ ይሞታል።"

ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከአሠሪሽ ደብዳቤ ይዘሻል?"

"ይላካል ብላኝ ነበር። አልላከችም።"

አኒላ ጎንበስ ብላ ጠየቀች፣ ድምጿ ለስላሳ ነበር። "ሦስተኛው ጊዜ ከተያዙ በኋላ፣ ምን ለወጡ?"

ብልጥ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይላል። ሰዓቴን አስቀደምኩ ይላል፣ ቀስ እላለሁ ብዬ ማልኩ ይላል። ሊንዚ ግን ትንሽ አሰበችና፣ "ምንም አልለወጥኩም" አለች። "አንድ ቀን ወለል ላይ ወድቆ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እግሬ እሺ አይለኝም። ይጫናል።"

ማርጆሪ በልቧ፣ አይ ልጄ፣ አለች። እውነት ስትነገር ደስ ትላለች፤ ስትመዘን ግን ትከብዳለች።

ጓዳው ውስጥ ማንቆርቆሪያው ዳግመኛ ተጣደ። ደንቡ፣ ለወንበሩ አዲስ የሆነው ሰው ቀድሞ ይናገራል፤ አንጋፋዎቹ እንዳይጫኑት ነው። ስለዚህ ማርጆሪ ፊቷን ወደ አኒላ አዞረች፤ ነገሩ እንዳለቀ ያህል ቀልሏት ነበር። አኒላ የምትራራ ሴት ናት፤ በበረዶ ቀን እንኳ መድኃኒት ለሽማግሌ በእጇ ታደርሳለች።

"ትታገድ" አለች አኒላ።

"ምን?"

"ማርጆሪ፣ እኔም እኮ አዝኜላታለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቁጭ ብለን፣ ሦስት ልጆች ያሉትን የዳቦ አመላላሽ አግደነዋል። እሱማ አልቅሷል። ለእሱ ምን እለዋለሁ? ጠዋት ፋርማሲዬ ይመጣል እኮ። አነጋገሯ ደስ ያለንን ማርን፣ አንተን ግን አልወደድንህም ልበለው?"

"የዳቦውን ሰው የሚተካ ሰው ነበር።"

"አርተርንም የሚንከባከብ ይመጣል። መንግሥት ሜዳ ላይ አይጥለውም።"

"አንቺ ሜትካፍን አታውቂውም እንጂ!"

"አንቺስ ታውቂዋለሽ እንዴ?" አለ ክላይቭ። "ካወቅሽው ከወንበሩ ተነሺ፤ ሕግ ነው።"

"አላውቀውም። ዓይነቱን አውቃለሁ።" ማርጆሪ ኩባያዋን አስቀመጠች። "ክላይቭ፣ አንተ ራስህ እዚያ ካሜራ ሥር ሁለቴ ተይዘሃል። ዛሬ ጻድቅ ነህ?"

"ሁለቴ ተያዝኩ፣ ከዚያ ተማርኩ። እሷ ግን አራት ጊዜ ተይዛ ምንም አልለወጥኩም አለች። ሰምተሻታል! ደብዳቤ የላት፣ ጠበቃ የላት፣ ይቅርታ እንኳ አላለችም። ካንቺ ጋር ስንት ዓመት ሠራሁ፤ ሁሌ ጫማ እያየሽ ትራሪያለሽ።" ወዲያው ደግሞ ጠንክሮ የተናገረው ጸጸተው መሰለኝ፣ ብስኩቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። "ትታገድ ባይ ነኝ። በቃ፤ ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።"

ማርጆሪ ብዙ ተከራከረች። እልህ ያዛት፣ ፊቷ ቀላ፤ ስለ መስኮቱም ስለ በጉም አነሣች። ግን የዳቦ አመላላሹን ነገር መልስ አላገኘችለትም። እሱንም ያገደችው እሷው ናት፤ ያውም ያን ቀን ራሷን አሟት ነበር፣ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጋ። ይህን አስታወሰችና ግራሃምን አስጠራች።

ግራሃም ገብቶ ሰማና ጻፈ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሰብሳቢዋ ነው። ሦስት ሰው ሲፈርድ ሁለቱ ያሉት የሦስቱ ይሆናል፤ ማን ምን እንዳለ ከጓዳው አይወጣም። ለተከሳሽም፣ ለሚስትም፣ ለቄስም አይነገርም። የተሸነፈውም ሰው ሰብሳቢ ከሆነ፣ ወጥቶ ፍርዱን እንደ ራሱ አድርጎ ይናገራል። ማርጆሪ ይህን ምላ ነው የተቀመጠችው። ስንቱን እንደዚህ ተናግራለች! ዛሬ ግን ምክንያቱን በገዛ እጇ ወረቀት ላይ ስትጽፍ፣ ብዕሩ የሰው ዕቃ መሰላት።

ወጥተው ተቀመጡ። ሊንዚ ቆማ ነበር፤ ክላይቭንም አኒላንም አላየችም፣ ማርጆሪን ብቻ ነበር የምታየው።

"ወይዘሮ ኦልድሮይድ" አለች ማርጆሪ፣ "ያሉትን ሁሉ በጥሞና ሰምተናል። እውነትዎን እንደሆነም ተቀብለናል። ችግሩ ከባድ ነው። ነገር ግን ሕጉ ልዩ መከራ ከሚለው ደረጃ አልደረሰም ብለን ወስነናል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ስድስት ወር መንዳት ተከልክለዋል።"

"ከዚህች ደቂቃ?" አለች ሊንዚ። "መኪናዬ እኮ ውጭ ቆማለች።"

"ሌላ ሰው ይውሰድልዎት። እርስዎ ግን ሞተሯን እንኳ ማስነሣት አይችሉም።"

"ነገ ጠዋትስ?"

ግራሃም ወረቀት ዘረጋላት፣ እሷም ፈረመች፤ አስጠሪዋ የሚቀጥለውን ስም ጠራች። ከዚያ በኋላ አራት መዝገብ ታየ፤ ማርጆሪ የትኛው ምን እንደነበር ዛሬም ብትጠየቅ አታውቀውም።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨልሞ ነበር፤ በኅዳር እዚያ አገር ፀሐይ ቀጠሮ አታከብርም። ማርጆሪ ካፖርቷን ቆልፋ፣ የሸለቆውን አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከመሃል ባለው ወንበር ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች። ስፖርት ጫማ ነው ያደረገችው፤ ጥቁሮቹን በፌስታል ይዛቸዋለች። ማርጆሪ ከእግሯ ወደ ፊቷ ቀና አለችና ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረች። ከተፈረደበት ሰው ጋር ወግ መያዝ ደግ አይደለም ተብሎ ተነግሯታል። ሊንዚ ግን ቀጥ ብላ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"አይፍሩ" አለቻት፣ "ለጠብ አይደለም። ለጠብም አቅም የለኝ።"

"አልፈራሁም፣ ልጄ። ግን ስለ መዝገቡ ላወራሽ አልችልም።"

"እሺ፣ እኔ ላውራ።" ፌስታሉን ጭኗ ላይ አደረገች። "የእህቴ ጫማ ነው። ትልቅ እግር ነው ያላት።" አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ካሜራው ቢጫ ምሰሶው ላይ ተተክሎ ታየ፤ ሁለቱም አዩት። "ጠዋት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአንደኛ ችሎት ወጣ። እንደኔው አሥራ ሁለት ነጥብ። እናቱን ለኩላሊት እጥበት ነው የሚያመላልሳት። ደብዳቤ የለውም፣ ጠበቃ የለውም። ዳኛው ሁለት ጥያቄ ጠየቀው፣ አምንሃለሁ አለው፣ ማረው። ልጅ አቅፎ እንደወጣ ሰው ነበር የሚስቀው። አራት ደቂቃም አልፈጀ አለኝ።"

ማርጆሪ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጭብጥ አደረገች።

"እርስዎ ሲወጡ" አለች ሊንዚ፣ "ፊትዎን አይቼ በቃ ተርፌያለሁ ብዬ ነበር። እርስዎ አዝነውልኝ ነበር፣ አይደል? እስቲ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ለማንም አልናገርም። ሦስታችሁም ናችሁ? አንድ ሰው እንኳ ትማር ያለ አልነበረም? አንድ ሰው ካለ እኮ፣ ነገ ለአርተር እሱን እነግረዋለሁ።"

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ አለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም። ጨለማ አውቶቡስ ውስጥ ማን ይሰማል? በሚመጣው ወር ወንበሩም የለ። ከዚያ ግን አኒላ ትዝ አለቻት፣ ጠዋት ፋርማሲዋን ስትከፍት፤ ዛሬ እኔ አለሁ ካለች፣ ሁለቱን አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሆድ ይፍጀው እያለች የዋጠችውን ሁሉ ዛሬም ዋጠችው።

"ሦስታችን አንድ ላይ ነው የፈረድነው" አለች።

ሊንዚ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። "ይሁና። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። አስጠሪዋ ወደ አንደኛ ችሎት ተዛውረሻል ብላኝ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ተመለሽ አለችኝ፤ ሁለተኛው ችሎት ፈልጎሻል። ማን ነው የፈለገኝ?"

ይሄ ከጓዳው ምክር ውጭ ነው። ይሄን መናገር አይከለከልም። ማርጆሪ በድካም ተነፈሰች፤ ሊያነጻት የሚችለውን ሁሉ ሕግ አፍኖ፣ የሚኮንናትን አንዱን ብቻ ፈቅዶላት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ መዝገቡ እኛ ጋ ይቆይ ያልኩት።"

"ለምን?"

"እንድትደመጪ ብዬ። እዚያ በአራት ደቂቃ የሚሸኙሽ መስሎኝ። እኛ ጋ ጊዜ አለ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ሊንዚ አየቻት። አልተሳደበችም። ብትሰድባት ለማርጆሪ በተሻላት ነበር። ፌስታሏን ይዛ ተነሣችና ወደ ፊት ሄዳ፣ በሩ አጠገብ ብረቱን ይዛ ቆመች።

ሹፌሩን፣ "ወደ ግድቡ የሚሄደው የጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?" ስትል ማርጆሪ ሰማቻት።

"አንድ ሰዓት ከሃያ። እሱም ግድቡ ጋ ነው የሚያቆመው፤ ከዚያ በእግር ነው።"

"ስንት ያስኬዳል?"

"በዚህ ጭቃ? አንድ ሰዓት በይው።"

ሊንዚ በጣቶቿ ቆጠረች። አርተር አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው ዓይኑን ገልጦ በሩን የሚያየው።

የማርጆሪ ፌርማታ ደረሰ። ለመውረድ በሊንዚ አጠገብ ማለፍ ነበረባት፤ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ደረጃው በዝናብ ረጥቧል፣ ጉልበቷ ደግሞ እንደ ልማዱ ከዳት፤ አንድ እግሯ ሲንሸራተት ብረቱን ሳተችው። ከኋላዋ አንድ እጅ ክንዷን ከብብቷ ሥር ግጥም አድርጎ ያዘ። ሌላው እጅ ወገቧን ደገፈ። ሳይጎትት፣ ሳይገፋ፣ ልክ እሷ በምትችለው ፍጥነት አወረዳት።

"ቀስ ይበሉ" አለች ሊንዚ፣ ፊቷን ሳታይ። "መጀመሪያ የሚያምዎትን እግር። እንደሱ። አሁን ሌላውን።"

ማርጆሪ አስፋልቱ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አመሰግናለሁ ልትል ስትል በሩ ተዘግቶ፣ አውቶቡሱ ዳገቱን ተያያዘው። ዝናቡ ላይ ቆማ ክንዷን ዳሰሰች። አርተር እውነቱን ነው፤ የሊንዚ እጅ አይቀዘቅዝም።